የይሻው ሚስማር

ስቱኮን የፈጠረው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ባገኘው አንዳንድ ቀን እጁን እስመዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንገቱን አንቀዋለሁ፤ እንደ አነሣሤ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ስቱኮ ማለት የተሰረጎደ ቆርቆሮ ላይ የሚለጠፍ ሊጥ የመሰለ ነገር ነው። ከማድረቂያው ጋር ለውሰው ይሞሉታል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጠነክራል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱትና ቀለም ይቀቡበታል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ተመትቶ እንደነበር የሚያውቅ የለም። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፣ ሙሉቀን እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ከላይ የሚያየውን ስሠራ ኖሬያለሁ። ከሥር ያለውን የሚሠራው ይሻው ነው። ታሪኩ የሱ ነው፤ የኔ ነውር ስላለበት ግን እኔም ከውስጡ አልቀርም።

ይሻው ባትላሜራ ነው፤ የተጨረማመተ ቆርቆሮ ያቀናል። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍልና ከፊቷ ትንሽ ደጅ አለችን። ነፋስና አቧራ ቀለሜን እንዳይነካብኝ ክፍሏ የኔ ናት፤ መዶሻው ጆሮዬን እንዳያደነቁረኝ ደጁ የሱ ነው። ድሮ የመኪና በርና ፓራፋንጎ ነበር የሚመጣልን። አሁን አሁን የሚመጣው ሞተር ሳይክል ነው፣ ከሞተር ሳይክልም በብዛት የቤንዚን ታንከሩ። ሞተር ሲወድቅ የሚመታው እሱ ነው፣ ሰው ሲነዳም ከዓይኑ ሥር ያለው እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጣመም የማይገደው ሰው ለታንከሩ ሲሆን ይመጣል።

የይሻው ትውልዱ ጋፋት ነው፣ ድሮ የንጉሡ መድፍ የተሠራበት ቦታ። ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ አንተ ብረት ያልቀጠቀጥህ ማን ይቀጥቅጥ» ይለዋል፣ ይህን ቀልድ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ራሱ እየመሰለው። ይሻው ድሮ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ፈገግ ይል ነበር፤ አሁን «አባቴ ገብስ ነው ያረሰ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቀጭን ነው፤ ሲቀመጥም ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ሲነሣም ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ መዶሻ ሲያነሣ ግን ትንፋሹ አይሰማም። ሚስቱ አልማዝ «እሱ የሚያርፈው ሲመታ ነው» ትላለች። ልጆቹ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ናቸው። እየደወሉ «አባባ፣ በቃዎት እንግዲህ» ይሉታል። እሱም «እሺ» ይላል፤ በነጋታው ከኔ ቀድሞ ደጁ ላይ ነው።

አሠራሩን ላውጋ። ታንከር ሲመጣለት ቤንዚኑን ይቀዳል፣ ውስጡን በሳሙና ውሃ ደጋግሞ ያጥባል፣ አፍንጫውን ታንከሩ አፍ ላይ አድርጎ ያሸታል። ሽታው ፈጽሞ ካልጠፋ እሳት የሚባል ነገር ባጠገቡ አያሳልፍም፤ እኔን ሲጋራ ያስተወኝ እሱ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፌሮዎች አንዱን ያወርዳል። እያንዳንዱን ፌሮ ያጎበጠው እሱ ራሱ ነው፤ አንዱ ማጭድ ይመስላል፣ አንዱ ከዘራ ይመስላል። በታንከሩ አፍ ያስገባና ስርጉዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከውጭ ደግሞ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ያባብላል። ያባብላል ያልሁት እሱ እንደዚያ ስለሚል ነው። «ተመትቶ ነው የገባው፤ ደግመህ በንዴት ብትመታው ወዴት ይውጣ» ይላል። ፌሮ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ከላይ ቀጭን ብረት ይበይድበትና እየሳበ ያወጣዋል።

በመጨረሻ ከኪሱ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ያወጣል። ቁራጩን ታንከሩ ላይ ያለብስና፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በላዩ ላይ መዳፉን ቀስ አድርጎ ያስኬዳል። ባዶ እጅ ብረት ላይ ያዝ ያዝ ያደርጋል፤ ጨርቅ ግን ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተትም ገባ ያለውንም ወጣ ያለውንም መዳፍ ያውቀዋል። በዚህ መንገድ እኔ በመብራት የማላየውን ስርጉድ ያገኝ ነበር። ስቱኮ አይወድም። መኪና በር ላይ በግድ ይቀበለው ነበር፣ ታንከር ላይ ግን በጭራሽ። ታንከር ሲነዱት ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ይፈስበታል፣ ፀሐይ ያግለዋል፤ ስቱኮው አንድ ቀን ይለቃል። «ያን ቀን የምሰደበው እኔ ነኝ፤ አንተንማ ማን ያውቅሃል» ይለኛል።

አንድ ልማድ ደግሞ አለው። ቀለሙ ደርቆ፣ ታንከሩን ሞተሩ ላይ ከመግጠሙ በፊት፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ታንከሩን ገልብጦ ጭኑ ላይ ያደርግና ከሥሩ፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ በሚስማር ትንሽ መስቀል ይጭርበታል። እንዳይዝግም ግሪስ ይቀባዋል። ይህ ታንከር ስቱኮ አልገባበትም ማለት ነው። ለደንበኛ አይናገርም፤ የሚያውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ለምን እንደሚያደርገው አንድ ጊዜ ጠየቅሁት። «ስሞት እጄን አጣጥፈው ነው የሚቀብሩኝ አይደል» አለኝ። «ምን ሠራህበት ስባል የማሳየው ይኑረኝ ብየ ነው።»

ከአራት ዓመት በፊት ስኳር እንዳለበት ተነገረው። መርፌውን መውጋት ለመደ፣ ሻይውን መራራውን መጠጣት ለመደ፣ እኔም ረሳሁት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ አንድ ታንከር ላይ ሊበይደው ቀጭን ብረት አግሎ ነበር። እኔ ከክፍሌ ውስጥ ሆኜ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ወጥቼ ሳይ የጋለውን ብረት በባዶ ጣቱ ይዞታል። ጣቱ ይጤሳል። እሱ ብረቱን እያገላበጠ ያየዋል። ስጮህበት ነው የጣለው።

«የበረደ መስሎኝ ነው» አለ።

ጣቱን ውሃ ውስጥ ነከርሁለት። ፊቱ እንኳ አልተኮማተረም። ያኔ ገባኝ፤ በስኳሩ እጁ ሞቷል።

በዚያው ሳምንት ያንኑ ታንከር ጨረሰ። ነጠላውን አልብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን አስኬደና «ስርጉዱ ሄዷል፣ ቅባው» ብሎኝ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ። ቀለሙ ጥቁር ነበር። ጥቁር የሚያብረቀርቅ ቀለም ለማንም አያዳላም፤ አንድ ዙር እንደቀባሁት ሦስት ስርጉዶች ቁልጭ ብለው ወጡ። ቆሜ አየኋቸው። ሲመለስ ልነግረው ይገባ ነበር፣ አልነገርሁትም። ፈራሁ። «መዳፍህ አልቆለታል» ብየው ፌሮዎቹን ከግድግዳው አውርዶ ቤቱ ቢገባ፣ ዓመት ሳይሞላ የምቀብረው መሰለኝ። ደግሞም እውነቱን ልናገርና ሰልችቶኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለወዳጅ መንገር ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ በዚያ ዓመት ለቀለሙም ጉልበት አልነበረኝም። ቀለሙን ጠረግሁ፣ ስቱኮ ለወስሁ፣ ሞላሁት፣ አለሰለስሁት። ስምንት ሰዓት ላይ ሲመለስ ታንከሩ መነሻ ቀለሙን ለብሶ ተሰቅሏል።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልሁት።

የዚያን ጊዜ ብቻ የሚሆን መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ የምሞላው ስቱኮ ስስ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ወፈረ፣ በመጨረሻ ጣት የሚያህል እሞላ ጀመር። እሱ ስድስት ሰዓት ላይ መርፌውን ሊወጋና እህል ሊቀምስ ይሄዳል፤ እኔ ምሳዬን ትቼ የሱን ሥራ እሠራለሁ። ከሳሁ፣ ሚስቴ ሐኪም ቤት ካልሄድህ ብላ አስጨነቀችኝ። ለሷም አልነገርኋት።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን መስቀሉ ነበር። ይሻው ታንከሩን ገልብጦ ጭኑ ላይ ሲያደርግ፣ ሚስማሩን ከኪሱ ሲያወጣ፣ ፊቴን አዞራለሁ። ያልቆሸሸ ብሩሽ አጥባለሁ፣ የተከደነ ጣሳ እከድናለሁ። እኔ በዋሸሁት እሱን በመስቀል እያስማልሁት ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም፤ ሂድና ንገረው እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ፈንታነሽ የምትባል ሴት አለች። ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ ተመለሰችና ሞተር ገዛች። ከየገጠሩ እንቁላል እየሰበሰበች ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ ታደርሳለች። እንቁላል በሞተር፣ በዚያ መንገድ። ከተማው ሁሉ ሳቀባት። እሷ ግን በጭድ መሐል እየደረደረች፣ ቀስ እያለች፣ ከመቶ ሁለት እንኳ ሳይሰበርባት ትገባለች። ባለፈው ጥቅምት እብናት ገበያ ላይ ሞተሯን አቁማ ሳለ አንድ ለሽያጭ የቀረበ በሬ ከባለቤቱ አመለጠና ታንከሩን በቀንዱ ወጋው። ቆርቆሮው አልተበሳም፤ ነገር ግን ሙሉ ጭብጥ የሚያስገባ ጉድጓድ ሆነ። ይሻው ሦስት ቀን ታገለውና «ሄዷል» አለ። አልሄደም፣ ግማሹ እንኳ አልሄደም። እኔ በሁለት ምሳ ሰዓት ሞላሁትና ቀይ ቀባሁት። እንደዚያ ያማረ ቀይ ቀብቼ አላውቅም። ይሻው ሚስማሩን ሲያወጣ እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ መንገድ ወጣሁ።

የካቲት ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሞተሯን በእጇ እየገፋች መጣች። የእንቁላል ካርቶን ይዛለች። ከፈተችና ይሻው ፊት አስቀመጠችው። ውስጡ ያለው፣ መዳፍ የሚያህል፣ አንድ ጎኑ ቀይ የሆነ የስቱኮ ቁራጭ ነው።

«ጋሼ ይሻው፣ ይኸን ይዩልኝማ» አለች። «ከእብናት ስመለስ ጭኔ ላይ ዱብ አለ። በክዳኑ በኩል ቀለሙ አብጦ ነበር፤ ፀሐይ ነው ብየ ዝም አልሁት። ምንድን ነው?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ይሻው ቁራጩን አንሥቶ አገላበጠው። ከላይ የኔ ቀለም አለ፣ ከሥር ደግሞ የበሬው ቀንድ የቆፈረው ቅርጽ እንዳለ ወጥቶበታል። እኔ የክፍሌ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ስቱኮ ነው፣ ልጄ» አላት።

«ታንከር ላይ ስቱኮ አናደርግም ብለውኝ አልነበር?»

«ብየሽ ነበር። የኔ ጥፋት ነው። እጄ ነው ያበላሸብሽ።» ወደኔ ዞር ብሎ አላየም።

ፈንታነሽ ካርቶኑን ዘጋች። «እኔስ ደክሞኛል፣ ጋሼ» አለች። «ስንቱ ነገር ነው ከእጄ የወደቀ። ይኸኛውን እንኳ ለቅሜ አመጣሁት። ለሐሙስ ይደርስልኛል?»

«ይደርስልሻል።»

እሷ ከሄደች በኋላ ይሻው ታንከሩን ፈትቶ አወረደ። እኔ አጠገቡ ሄጄ ቆምሁ። የምናገረውን በልቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ይቅር በለኝ ከሚለው ይጀምራል። እሱ ግን አላስጀመረኝም። ታንከሩን ገለበጠና «ና እይ» አለኝ።

አጎንብሼ አየሁ። ግሪስ የለም። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤ ጭረትም የለም።

«መስቀሉ የታለ?» አልሁት።

«አላደረግሁበትም።»

«ረስተኸው ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈኝ ካደረግሁ። ጣቴ ከተቃጠለ ወዲህ አንድም ታንከር ላይ አላደረግሁ።»

«እንዴ፣ ሚስማሩን ታወጣ አልነበር?» አልሁት። «ታንከሩን ገልብጠህ ትቀመጥ አልነበር?»

«እቀመጥ ነበር።»

«ታዲያ ምን ታደርግ ነበር?»

«እጠብቅህ ነበር» አለ። ታንከሩን እያየ ነው የሚናገረው። «እጄ እንደሞተ አውቃለሁ። ምሳ በልቸ ስመለስ ደግሞ ስቱኮው ይሸተኛል፤ አፍንጫየ አልሞተ። ዛሬ ይነግረኛል እያልሁ ሚስማሩን ይዤ እቀመጣለሁ። አንተ ፊትህን ታዞራለህ። እኔም ተነሥቸ ታንከሩን እገጥማለሁ።»

«አንተስ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ምን ብየ? እኔን ያተረፍኸኝ መስሎህ ምሳህን ትተህ ስትለፋ ነበር። ያችን ልፋትህንም ልቀማህ?»

በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። የሱ በርጩማ ነው፣ ከዚያ በፊት ተቀምጨበት አላውቅም። ሰውነቴ በሙሉ ዛለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሸክም ከሁለት ወገን ተሸክመን፣ ሌላው ያልያዘው እየመሰለን ስንደክም ኖረናል። አፈርሁ፤ ሐፍረቱን ግን ድካሙ በለጠው። ይሻው ሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጥበት የሚቆጣ ሰው ነው። ዛሬ ግን የቀለም መፋቂያውን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ።

ሰኞን ስፍቅ ዋልሁ። ቀዩን ቀለም ፋቅሁ፣ ከሥሩ የቀረውን የራሴን ስቱኮ ፋቅሁ፤ የበሬው ጉድጓድ ባለበት አለ። ይሻው ታንከሩን ሲያጥብና ሲያሸት አመሸ። ማክሰኞ ጠዋት ነጠላውን አለበሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን አስኬደ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጨርቁን ለኔ ሰጠኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርሁ፤ ለኔ መዳፍ ሁሉም ልስልስ ነው። ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ስቀመጥ ይህን ልማረው ብዬ አላውቅም፤ የሱ መዳፍ የሚያልቅ አልመሰለኝም ነበር።

ስለዚህ በዓይን ሆነ። ከአልማዝ ድስት ሥር ጥላሸት ፍቄ በላምባ ለወስሁና ታንከሩን አጠቆርሁት። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ጠቅልዬ አሸሁት። ከፍ ያለው ብረት ያበራል፣ የገባው ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ለማንም የሚታይ ነገር ነው።

«የጀማሪ ሥራ» አለ ይሻው።

«እኮ ጀማሪዎች ነን» አልሁት።

ፌሮውን አስገባ። እሱ ይገፋል፣ እኔ እናገራለሁ። ወደ ቀኝ፣ ዝቅ በል፣ አለፍኸው፣ ተመለስ። ይሻው ሲሠራ ሰው የሚናገርበት ሰው አይደለም። ሦስት ሰዓት ያህል ታገሠኝና «አንተ ሰውየ፣ ደብተራ ነህ? አታነብንብብኝ» አለኝ። ዝም አልሁ። ትንሽ ቆይቶ ፌሮው የማይሆን ቦታ ሲገፋ አየሁት፤ አሁንም ዝም አልሁ። «ተናገራ» አለኝ እንደገና፣ ተናደደ። ስድስት ሰዓት ላይ ለመርፌው ሄደ። እኔም ቤቴ ሄጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ምሳ በላሁ። አልጣመኝም። ሚስቴ ምን ነካህ ብትለኝ «ሥራ ቀንሶ ነው» አልኋት፤ ከዚያ ደግሞ የመጨረሻዬ ውሸት ትሁን ብዬ ሁሉንም ነገርኋት። አንገቷን ነቅንቃ ወጥ ጨመረችልኝ።

ረቡዕ ዕለት ሁለታችንም አርጅተን መጣን። የሱ ትከሻ አልነሣ ብሎታል፤ የኔ ዓይን ጥላሸቱ ላይ ሲያፈጥ ውሎ ደም መስሏል። አጥቁሬ አሻለሁ፣ እሱ ይገፋል፣ እንደገና አጠቁራለሁ። ጥቁሩ ግን እያነሰ ሄደ። መዳፍ የሚያህለው እንቁላል አከለ፣ ከእንቁላል ሳንቲም አከለ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሻው ፌሮውን አወጣና ግድግዳው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ጉንጩ ሰርጉዷል። ይህ ሰው በዚህ ሥራ ብዙ እንደማይቆይ ያን ጊዜ አየሁ፤ ካሁን ወዲያ በዓይኔ ብመራውም ጉልበቱን ከየት አመጣለታለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ አጠቆርሁት፣ አሸሁት፣ በጨርቅ ጠረግሁት። ታንከሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ አበራ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። አሁን መቀባት ካልጀመርሁ ለሐሙስ ጠዋት አይደርቅም፤ ልጅቷ ደግሞ እንቁላሏን ሰብስባ ትጠብቃለች።

ይሻው ተነሣ። በርጩማው ላይ ተቀመጠና ታንከሩን ገልብጦ ጭኑ ላይ አደረገው። ከኪሱ ሚስማሩን አወጣ። ለኔ ዘረጋልኝ።

«ዛሬ ከቀለሙ በፊት ይሁን» አለ። «አንተ አድርግበት። የኔ መዳፍ አይመሰክርም፤ ያየኸው አንተ ነህ። ሄዷል?»

ሚስማሩን ተቀበልሁ። ይሻው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

በታንከሩ አፍ አጠገብ፣ ክዳኑ በሚያርፍበት ጠርዝ ሥር፣ ሽንብራ የምታህል ጥቁር ቀርታለች። አይቻታለሁ። ስጠርገው አይቻታለሁ። ወረቀት የምታህል ስስ ስቱኮ ትበቃታለች፤ ስቱኮም ባላደርግ ቀዩ ቀለም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደራረብ ይሸፍናት ይሆናል። እዚያ ቦታ ፌሮ አይደርስም። ልትወጣ የምትችለው ብረት ተበይዶ ተስባ ነው፤ ለዚያ እንደገና ማጠብ አለ፣ ማሽተት አለ፣ እሳት አለ፣ ሌላ ግማሽ ቀን አለ። ማንም አያውቅም። ፈንታነሽ አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። ሚስማሩ በላብ ረጥቦ ከጣቴ ሊያመልጥ ነው። ለማንም ለጠላቴም አልመኘው፤ እውነቱን መናገር እንደዚያን ሰዓት ከብዶኝ አያውቅም፣ ሁለት ዓመት ከዋሸሁበት ቀን ሁሉ ይልቅ ከበደኝ።

«አንድ ቀርታለች» አልሁት።

ፊቱን መለሰ። አልተቆጣም፣ ደስም አላለውም።

«ለሐሙስ አይደርስም እንግዲህ» አልሁ።

«ያለ ቀለም ትሂድበት። ዓርብ ለቀለሙ ትመልስልናለች» አለ። ታንከሩን አቀናው። «የት ላይ ናት?»

ሌባ ጣቱን ይዤ በክዳኑ ጠርዝ ሥር ወሰድሁለት፣ ጥቁሯ ላይ አኖርሁለት። እንዳልተሰማው እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ።

«ያዝልኝ፣ ጣቴን እንዳትለቀው» አለና በሌላ እጁ ጠመኔ ፈልጎ ምልክት አደረገባት።